ባለ ጆንያው ሦስት ጊዜ መጣ

በደብረ ታቦር ከተማ ቆሞ ፊልም የሚተረጉም ሰው ከኔ በፊት አልነበረም። ከኔ በኋላ የመጡትም ከኔ ነው የተማሩት፤ አንዳንዶቹ ይህን አያምኑም፤ አለማመናቸው ግን ነገሩን አይለውጠውም። እንግዲህ እኛ ባለ ጆንያው የምንለው የፊልም ጀግና ለሦስተኛ ጊዜ እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲመጣ፣ ሦስቱን አስተያይቶ መናገር የሚገባው ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ቤት ነው። ሦስቱንም አይቻለሁ። አይቼ ብቻ አልቀረሁም፤ ሕዝብ ፊት ቆሜ በዚህ አፌ አሰምቻለሁ። ሦስተኛውን ለብቻዬ አልነበረም ያሰማሁት፤ እርሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ያስተማረኝ የለም። በወጣትነቴ አንድ የማይሠራ የስፌት መኪና ገዝቼ እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ፈታሁት። መልሼ ስገጥመው ጥቂት ብሎን ተረፈ፤ መኪናው ግን ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ሰፋ። እስካሁንም ይሰፋል። እንግሊዝኛም ቢሆን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርሁት። ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ያገኘሁት መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ የፊተኛው ክፍል ተገንጥሎ ስለ ጠፋ ከዲ ፊደል ነበር የሚጀምረው። ስለዚህ ከዲ ወዲያ ያለውን እንግሊዝኛ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከዲ በፊት ያለው ቢጎድለኝ፣ የጎደለውን ከተናጋሪው ፊት ላይ አነበዋለሁ። ሰው አፉ የሚናገረውን ፊቱ ቀድሞ ይናገረዋል።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ወዳጄ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ከባሕር ዳር አመጣልኝ። ከስፌት ቤቴ በስተኋላ ባለው ክፍል የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደረደርሁ፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንሁ፤ ማሳየት ጀመርሁ። በገበያ ቀን ከገጠር፣ ከገሳይ የመጣ ሰው እንኳ እህሉን ሸጦ፣ አህያውን በር ላይ አስሮ ይገባ ነበር። መተርጎም የጀመርሁት ግን ለመታየት ብዬ አይደለም። ክረምት ገባ፤ የጉና ተራራ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቴሌቪዥኑ አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ተነሥቼ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆምሁና ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። በረዶ እንኳ ዘንቦ ድምፄን አሸንፎት አያውቅም። በጋ ሲመጣ ዝም ልል ብል፣ ተመልካቹ «ፊልሙ ታመመ እንዴ?» አለኝ። በዚያው ቀረሁ።

ባለ ጆንያው በዚያ ዘመን ነው የመጣ። የውጭ ስሙን አልጽፍም፤ እኛ ያወጣንለት ይበልጣል። ሰውየው የወደብ ኩሊ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለችው። መብረቅ ይመታውና ከዚያ ወዲህ የማይሸከመው ነገር አይኖርም። ፊቱ እንዳይታወቅ፣ ሲሸከምበት ከኖረው ጆንያ ላይ ቀድዶ፣ ሁለት ዐይን አውጥቶ ራሱ ላይ ያጠልቃል። ለገበሬ ከዚህ የሚበልጥ ጀግና ከየት ይመጣል? ሸክሙንም ጆንያውንም ያውቀዋል።

ፊልሙ በሁለት ካሴት ነበር። በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሽንኩርት ጋር ተጭኖ ሲመጣ ዝናብ መታውና የካሴቶቹ ወረቀት ተልጦ ወደቀ። የቱ አንደኛ፣ የቱ ሁለተኛ እንደሆነ የሚናገር ነገር ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳንቲም ወርውሮ ይመርጥ ነበር። እኔ በሬን ዘግቼ ሁለቱንም አየሁና እንደ ባለሙያ መረመርሁ። በአንዱ ካሴት ሰውየው ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ አጣጣፉም ደህና አልነበረም። በሌላው ካሴት ያው ግራጫ ኮት ነው፤ ክርኑ ግን እራፊ የለበትም። ኮት ከደህናነት ወደ እራፊ ይሄዳል እንጂ ከእራፊ ወደ ደህናነት ሲመለስ በሙያዬ አላየሁም። ስለዚህ ደህናው ኮት ያለበት ካሴት ይቀድማል፤ የተጣፈው ይከተላል። ከተማው ሁሉ ፊልሙን ያየው በዚህ ተራ ነው።

ሲጀምር መብረቅ ይመታዋል። ጆንያውን ያጠልቅና የተኛች ልጁን አይቶ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ከክፉዎች ጋር ይዋጋል፤ የሚፈርስ ድልድይ በትከሻው ደግፎ ሰዉን ያሳልፋል። ከዚያ ብቻውን በረጅም መንገድ ሲሄድ ይታያል። እዚህ ላይ «መጨረሻ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣ ነበር። ቃሏ በኢ ነው የምትጀምረው፣ ኢ ደግሞ ከዲ ቀጥሎ ነው፤ አሳምሬ አውቃታለሁ። «የውጊያው መጨረሻ ነው» አልኋቸው። «የሰውየው መች አለቀና!» ካሴቱን ለወጥሁ። የተዋናዮቹ ስም ይወርድ ጀመር። ከተመልካቹ መካከል ክርክር የሚወድ አንድ አስተማሪ ነበርና፣ «ስም መሀል ላይ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ሲዋጉ ቆይተው ማረፋቸው ነው። ሰው ሲያርፍ ስሙን አይጠየቅም?» አልሁት። ተመልሶ ተቀመጠ። ዲግሪ ነበረው።

ከዚያ የተጣፈው ኮት ይመጣል። ሰውየው እንደ ማንም ኩሊ ወደቡ ላይ ጆንያ ይሸከማል። ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ልጁ ሁለት ሳህን ታቀርባለች፤ ሾርባ ይጠጣሉ፤ ልጅቱ ገበታው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ያን የተጣፈ ኮቱን ያወልቅና ያለብሳታል። መብራቱን ያጠፋል። አለቀ። እዚህ ቦታ ላይ ሰውየው አንዲት ቃል አይናገርም። ያን ያህል ተዋግቶ የመጣ ሰው ዝም ብሎ መብራት ሲያጠፋ ደግ አልመሰለኝምና ቃል ሰጠሁት። «ድልድዩን ተሸክሜ አየሁት ልጄ፤ ቀላል ነው። የከበደኝ ካንቺ መራቁ ነበር።»

ስንቱ ተመልካች ጋቢውን ወደ ዐይኑ እንደወሰደ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንድ የገሳይ ሽማግሌ «እሰይ፣ ቤቱ ገባ!» ብሎ ተነሣና አህያውን ሊፈታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ባለቀ ቁጥር ተመልካቹ በአንድ አፍ «እሰይ፣ ቤቱ ገባ!» ይል ጀመር። የኔ ልጅ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ በመካከለኛው በር ሁሉንም ታየው ነበር። ያችን የድልድይ ቃል ከኔ ጋር እኩል ትላት ነበር፤ አንዳንዴም ትቀድመኛለች።

ሁለተኛው ባለ ጆንያው የመጣው ዲስክ ካሴትን ባባረረበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሳየው የሌላ ሰው ፊልም የሰጡኝ መሰለኝ። ጆንያው የለም። በጆንያው ፈንታ ቆዳ ይሁን ጎማ ያልለየሁት፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ከጥፍሩ እስከ ራሱ ጠምጥሞበታል፤ ስፌቱም አይታይም። ስፌቱ የማይታይ ልብስ አላምንም። መኪናው ይበራል፤ ፎቁ ይፈርሳል፤ ሁሉም ነገር ይፈነዳል። ልጅቱን ከታሪኩ ጨርሰው አውጥተዋታል። ሰውየው ሲሸከም የሚሸከምለት የለውም። መጨረሻ ላይ ፎቅ ይወድቅበትና በዚያው ይቀራል። ወጣቱ ወደደው። እኔ ግን ሕዝቤን ባዶውን መስደድ አልወደድሁምና እየተረጎምሁ፣ «ልጁ ቤት ሆና ትጠብቀዋለች» አልሁ።

«የታለች አባባ?» አለ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ።

«ቤት ናት አልሁህ! ቤት ያለ ሰው ይታያል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከፎቁ ይልቅ።

የልጄ እናት ያን ጊዜ አርፋ ነበር። ልጄ የሰው ቤት ልትሠራ ዐረብ አገር የሄደችው በዚያ ሰሞን ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋት፤ ቦርሳዋን ራሴ ነበርሁ የሰፋሁት፤ ማሰሪያው እስከ ዛሬ አልተበጠሰም። አትሂጂ አላልኋትም። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ከልጄ ልጀምር አልቻልሁም። እርሷ ግን ከመስኮቱ ሆና እየሳቀች፣ «አይዞዎት አባዬ፤ ሁለተኛው ካሴት አለ» አለችኝ። መመለሷን ነበር የምትለኝ። በኛ ቤት ሁለተኛ ካሴት ማለት ቤት የሚገባበት ነው።

ብዙ ዘመን ቆየች። የተመለሰችው አምና ነው። ከስታ ገባች። የሚጠይቃት ሁሉ «እንዴት ነበር?» ሲላት «ደህና» ትላለች። አብራኝ መስፋት ጀመረች፤ እጇ የኔ ነው፤ ከኔ ቀጥሎ በከተማው እንዲህ የሚዘመዝም የለም። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ግን ሰው ወደ ዐረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ ይደውልላት ጀመር። የነበረችበት ቤት ሰዎች እርሷን መልሰው ይፈልጋሉ። ስልኩን እያራቀች ብታወራም ይሰማኛል፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። «ቡሄ ሲያልፍ እነግርሃለሁ» ስትለው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ስረግጥ የማስበው ያንኑ ነበር። እንደገና ከሄደች የምትመለስ አልመሰለኝም። አትሂጂ ማለት ደግሞ አሁንም አፌ ላይ አልመጣ አለ፤ ስለ ማንም ሰው ሆኖ፣ የማንንም ቋንቋ የሚናገር አፍ።

በዚህ መካከል ነው በከተማው አዲስ ፊልም ቤት የከፈተ አንድ ወጣት የመጣው። አዳራሽ ተከራይቶ፣ ግድግዳ ላይ በሚያበራ ማሽን ያሳያል። የተማሪ ቤት ልብሱን የሰፋሁለት ሰው ነው፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል።

«አባባ፣ ባለ ጆንያው እንደገና ተሠርቶ መጣ» አለኝ።

«አንድ ኮት ስንት ጊዜ ይገለብጣሉ?» አልሁት።

ይህን ላስረዳ። በኛ ሙያ ኮት መገልበጥ የሚባል ነገር አለ። ውጭው በፀሐይ የነጣ ኮት ስፌቱ ይፈታና ውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደገና ይሰፋል። ባለቤቱ በዓል ይውልበታል። የሚያውቅ ሰው ግን የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ መዞሩን አይቶ ይለየዋል። ጨርቅ ሁሉ ግን አይገለበጥም። ልፍስፍሱን ብትፈታው እጅህ ላይ ይቀደዳል። ስለዚህ አንድን ታሪክ ደጋግመው ሲሠሩ ሰው «ሐሳብ አልቆባቸው ነው» ይላል፤ እኔ እንደዚያ አልልም። ጨርቁ ቢረባ ነው። ነገሩ ያለው ከልብስ ሰፊው እጅ ላይ ነው። ሁለተኛውን የሠሩት ሰዎች አልገለበጡትም፤ ቀለም ነከሩት።

ወጣቱ ቀጠለ። «የአዲስ አበባው ትርጉም ገና አልደረሰም። ለቡሄ ሰሞን ማሳየት ፈልጌ ነበር። ልጅዎ እንግሊዝኛም ዐረብኛም ትችላለች። እርሷ ብትተረጉምልን ብዬ ነው።»

«እኔስ?»

አንገቱን አከከ። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ይጨምራሉ።»

«ምን ጨመርሁ?»

«ባለፈው ልጅ የሌለውን ሰውዬ ልጅ ወለዱለት!»

ልጄ ከመኪናዋ ላይ ቀና ሳትል ሳቀች። ከመጣች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስለ ሳቋ ብዬ ወጣቱን ይቅር አልሁት።

እርሱ ሲሄድ ልጄ ጥቂት ሰፋችና፣ «አባዬ፣ የመጀመሪያውን ባለ ጆንያው እዚያ ዐረብ አገር አየሁት» አለችኝ።

«ታዲያ! አላልሁሽም? ዓለም ያወቀው ፊልም ነው።»

«የምሠራበት ቤት ልጆች ከፍተውት ነው። ልብስ እየተኮስሁ ነበር። ሲጀምር ቤት ነው አባዬ። ሾርባው፣ መብራቱ፣ ሁሉም መጀመሪያ ላይ ነው። የተጣፈው ኮት መጀመሪያ ነው። ከዚያ መብረቁ፣ ድልድዩ። መጨረሻ ላይ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ በዚያው ይቀራል።»

«ኮቱስ? እራፊው የት ገባ?»

«አዲስ ገዛ። ያንኑ ዓይነት። እዚያ አይጥፉም አባዬ፤ ይጥላሉ። እኔም በየጊዜው ስጥል ነበር፤ ደህናውን።»

መቀሴን አስቀመጥሁ። ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ እራፊ ያለበትን ኮት ወርውሮ ሌላ የሚገዛ ኩሊ እንዳለ ማን ይነግረኛል? «ያገላበጡት እነሱ ናቸው» አልሁ። አሁንም የምለው ያንኑ ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚያልቅበት ታሪክ ያላለቀ ታሪክ ነው።

«ጽሑፉ ሲወርድ፣ ‹ቆዩ፣ ቤቱ ይገባል› አልኋቸው» አለች። «ሳቁብኝ። ‹አልቋል› አሉኝ። ካውያውን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ።»

«ታዲያ ተናደድሽብኝ?»

«አልተናደድሁም። እርስዎ ያሉኝን ይዤ ነበር የሄድሁት። የሄደ ሰው ቤቱ ይገባል ብዬ። ለካ እንደዚያ አይደለም። አሁን እዚህ ተቀምጬ ስሰፋ፣ መመለሴ ራሱ የካሴት ስሕተት ይመስለኛል። ቦታዬ እዚያ መንገዱ ላይ የነበረ ይመስለኛል።»

በእጄ የያዝሁት የአንድ ደንበኛ ጃኬት ነበር። በዘመኔ አንድ ጊዜ ብቻ እጅጌ አዙሬ ሰፍቻለሁ፤ እርሱም ያን ቀን ነው። ደንበኛው ለብሶት ሄደ፤ እስካሁን አላስተዋለም።

የቡሄ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ውጭ ጅራፍ ይጮኻል። ልጄ ድምፅ ማጉያ ይዛ ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እንደ ማንኛውም ተመልካች ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ፊት ለፊት የተቀመጥሁት ለኔ ስለሚገባ ነው። ጀመረ። እርሷ የፊልሙ ሰዎች ያሉትን ብቻ፣ በቀጭን ድምፅ፣ በትክክል ትናገራለች። ጨው የሌለው ወጥ ይመስላል፤ ግን ወጥ ነው። ጥቂት እንደ ሄደ የጉና ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ነጎደ። የማጉያው ድምፅም፣ የፊልሙም ድምፅ፣ የእርሷም ድምፅ ጠፋ።

«አይሰማም!» ይላል ሰዉ። «አይሰማም!»

ወጣቱ ባለ ፊልም ቤት በጨለማው ውስጥ እየተደናቀፈ መጣና ክንዴን ያዘኝ። «አባባ፣ ይነሡልን!»

«‹ይጨምራሉ› አላልኸኝም?»

«የፈለጉትን ይጨምሩ፤ ብቻ ይሰማ!»

ተነሣሁ። ልጄ ከጎኔ ቆመችና ሰዎቹ የሚሉትን በጆሮዬ ትነግረኝ ጀመር፤ እኔ ተቀብዬ ለአዳራሹ እሰጣለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው ሦስተኛው ባለ ጆንያው ደብረ ታቦር የገባው፤ በእርሷ እውነትና በኔ ጉሮሮ።

ስለ ፊልሙ ልናገር። ጆንያው ተመልሷል፤ ያ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ንጹሕ ነው፤ ዳር ዳሩ በመኪና ተዘምዝሟል፤ ኩሊ ጆንያ አይዘመዝምም። ሰውየው አርጅቷል። የሚጀምረው ያ የመጀመሪያው ፊልም ካለቀበት ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ ብቻውን ይሄዳል። ኮቱ ተጥፏል። ይህን ሳይ በልቤ «አያችሁ!» አልሁ፤ ለማን እንዳልሁ አላውቅም። ድልድዩ እንደገና ይሰነጠቃል፤ እንደገና ይሸከማል፤ ግን ወገቡ አይችልም፤ ሰዉን ካሳለፈ በኋላ ይወድቃል። ማንም አያጨበጭብለትም። ወጣቶቹ እዚህ ላይ ማፏጨት ጀመሩ፤ «ምን ዓይነት ጀግና ነው?» አሉ። እርሱ ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በሩን የምትከፍተው ልጁ ናት። ትልቅ ሴት ሆናለች። አታውቀውም። ጆንያውን ከኪሱ አውጥቶ ያሳያታል።

ልጄ በጆሮዬ፣ «‹የት ነበርህ?› ትለዋለች» አለች።

«የት ነበርህ!» አልሁ ለአዳራሹ።

«‹በሩን ሳልቆልፍ ስንት ዘመን አደርሁ› ትለዋለች።»

«በሩን ሳልቆልፍ ስንት ዘመን አደርሁ!» ድምፄ ተሰበረ። ሰዉ ለትወና ያደረግሁት መሰለው፤ ይምሰለው።

ሰውየው ፊቱን ቀና አደረገ። የማውቀው ቦታ ደረሰ አልሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያቆየሁለትን ቃል አዘጋጀሁ፤ «ድልድዩን ተሸክሜ» ብዬ አፌን ስከፍት ልጄ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ምንም አላለም።»

«ምንም?»

«ምንም። እያያት ነው።»

አፌን ዘጋሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እኔን ሲጠብቅ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የቻልሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። ቆርቆሮው ብቻ ይጮኻል። ሴትዮዋ ከበሩ ዞር አለችለት። ሁለት ሳህን አቀረበች። ሾርባውን ሳይጨርስ ገበታው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የራሷን ካፖርት ከግድግዳው አውርዳ አለበሰችው። መብራቱን አጠፋች።

የደረት ኪሱ የዞረው እዚህ ላይ ነው። ያኔ አባት ነበር የሚያለብሰው፤ አሁን ልጅ። እንዲህ ነው ኮት የሚገለበጠው። ይህን የሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሙያ ያውቃል። እርሱ ከስንት ሠራተኛና ከስንት ዘመን በኋላ ለደረሰበት፣ እኔ ሁለት የተላጡ ካሴቶች ይዤ ቀድሜው ደርሻለሁ፤ ቢሆንም አከበርሁት።

ከአዳራሹ መጨረሻ አንድ የጎልማሳ ድምፅ፣ ልጅ ሆኖ እኔ ቤት ያይ የነበረ መሆን አለበት፣ «እሰይ፣ ቤቱ ገባ!» አለ። ከዚያ ሌሎችም ተቀበሉት። ወጣቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ጮኹ። ልጄን አየኋት። በጨለማው ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እርሷም እያለች ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጭቃውን እየመረጥን ወደ ቤት ሄድን። ገበያው አጠገብ ስንደርስ ስልኳ ጮኸ። አየችውና ወደኔ ዘረጋችው።

«ደላላው ነው» አለች።

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«ይተርጉሙልኝ።»

«ምን ብለሽ ነው የምተረጉመው? ምንም አላልሽ!»

«እርስዎ ይጨምሩ የለ?»

ቆምሁና ፊቷን አየሁት። መዝገበ ቃላቴ ላይ የጎደለውን ከሰው ፊት ላይ አነባለሁ ብያችሁ የለ? እንደዚያ ግልጽ ሆኖ የተጻፈ አንብቤ አላውቅም። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አደረግሁ።

«ሃሎ! ማን ልበል? ልጅቱን ፈልጌ ነበር» አለ ሰውየው በጥድፊያ።

«አባቷ ነኝ። ቤት ናት» አልሁት።

«አንድ ጊዜ ያቅርቡልኝ እስቲ፤ አስቸኳይ ነው።»

«ቤት ናት አልሁህ!» አልሁ፤ የቆርቆሮ ዝናብ የሚያሸንፍ ድምፅ ስላለኝ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። «ቤት ያለ ሰው ይታያል?»

ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የአንድ ሰው ቤት አጥር ተደገፈች። ቤታችን ግን ገና ሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ ነበር።